«ሶላት አያቆሙም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ የትርጉም ሥራ አርታዒ ነኝ። አሁን እጄ ላይ ያለው መጽሐፍ በእስልምና እምነትና ሃይማኖታዊ ተግባር እንዴት እንደሚገናኙ የሚያወራ ነው። ተርጓሚው አንድ ቦታ ላይ «እምነት አላቸው፤ ሶላት ግን አያቆሙም» ይላል። እኔ «መስገዳቸውን አይተዉም» ብዬ ተረዳሁት። «ግን» የምትለዋ ቃል ስትከነክነኝ ደውዬ ጠየቅሁት። ለካ «አይሰግዱም» ማለቱ ነው! ሌላም አለ። «ኢማን» የሚለውን ሁሉ «እምነት» ብሎታል። ሲበዛብኝ ግማሹን «ሃይማኖት» ብዬ ቀየርኩት። በዚህም ተጣላን። ማንኛችን ነን ልክ? ደግሞስ «እምነት አለው፣ ግን አይሰግድም» ማለት ያስኬዳል?

መልስ፦ ከሶላቱ እንጀምር፤ እሱ ቀላል ነው።

ተርጓሚው የተሳሳተው ዐረብኛ ስለማያውቅ አይደለም። ዐረብኛውን አምኖ ነው። ቁርኣን ስለ ሶላት ሲያዝ አዘውትሮ የሚጠቀምበት ግስ «አቃመ» ነው። ይህ የእኛው «አቆመ» የሥጋ ዘመድ ነው። «ቃመ» ቆመ፣ «አቃመ» አቆመ። ሥሩ አንድ፣ አረባቡም ያው። ችግሩ የእኛ «አቆመ» ሁለት መንገድ መሄዱ ነው። ድንኳን ሲያቆሙ ድንኳኑ ይኖራል። ሥራ ሲያቆሙ ሥራው ይቀራል። ሐውልት የቆመለት ሰው ይከበራል፣ ደመወዙ የቆመበት ሰው ያለቅሳል። ግሱ ብዙውን ጊዜ የሚጨበጥ ነገር ሲያገኝ «ተከለ» ነው፣ ድርጊት ሲያገኝ «ተወ» ነው። ሶላት ደግሞ ድርጊት ነው። ስለዚህ «ሶላት አቆመ» የሚለውን የሰማ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ «መስገድ ተወ» ብሎ ነው የሚረዳው። ትእዛዙን «ሶላትን አቁሙ» ብለው ቢተረጉሙትማ ጭራሽ ተገለበጠ። ስለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ተርጓሚዎች «አስተካክላችሁ ስገዱ» ወይም «ደንቡን ጠብቃችሁ ስገዱ» የሚሉት። ረዘም ይላል፤ ግን አይዋሽም። «አቃመ» ውስጥ ያለውን ቀጥ አድርጎ የመያዝና ሳያጓድሉ የመፈጸም ስሜትም ያመጣል። የእርስዎ ሰው «አይሰግዱም» ቢል ይበቃው ነበር።

በነገራችን ላይ «ሰገደ» ራሱ የሚያስገርም ታሪክ አለው። የዐረብኛው «ሰጀደ» ወንድም ነው። በዐረብኛ ሱጁድ ግንባር መሬት የሚነካበት አንዱ ክፍል ብቻ ነው። መቆሙ፣ ማጎንበሱ፣ መቀመጡ ሌላ ሌላ ስም አላቸው። በአማርኛ ግን «ሰገደ» መላውን ሶላት ጠቅልሎ ወሰደ። ስለዚህ ያችን አንዷን ክፍል ለይተን ለመጥራት «ሱጁድ ወረደ» እንላለን። «ሶላት»ን «ጸሎት» ማለትም አያዋጣም። ሁለቱ ቃላት የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። በአማርኛ ሰሚ ጆሮ ግን «ጸሎት» ልመና ነው፤ ለሙስሊሙ «ዱዓ» ከሚለው ጋር ይቀራረባል። ሶላት ጊዜና የረከዓ (የስግደት ዙር) ቁጥር ያለው፣ በውዱእ (በመንጻት ትጥበት) የሚገባበት ነገር ነው። «ጸለየ» ቢባል ይህ ሁሉ ይቀራል።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ፤ እምነት ወይስ ሃይማኖት?

በመጀመሪያ ዘራቸውን ላሳይዎት። «እምነት» ከ«አመነ» ነው፤ ግልጽ ነው። «ኢማን»ም ከዚያው ሥር ነው፤ አልፍ፣ ሚም፣ ኑን። «ሃይማኖት»ስ? ከሌላ አገር የመጣ ይመስላል እንጂ እሱም የዚያው ቤት ልጅ ነው። በአራማይክ አንዳንድ ግሶች ፊታቸው ላይ «ሀ» ይጨምራሉ። «አመነ» በዚያ ስልት «ሃይመን» ሆነ። ከእሱ በሱርስት «ሃይማኑታ» የሚል ስም ወጣ። ግዕዝ ያንን ተቀብሎ «ሃይማኖት» አለው። እንግዲህ እርስዎና ተርጓሚው የተጣላችሁት በአንድ አባት ልጆች መካከል ነው።

ቤተሰቡ በዚህ አያበቃም። የግዕዙ «ምእመን» እና የዐረብኛው «ሙእሚን» ድምፃቸው እንኳ ብዙ አይለይም። ከአላህ 99 ስሞች አንዱ «አልሙሀይሚን» ነው፤ ጠባቂ፣ ተቆጣጣሪ። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ይህንንም ከዚያው ከ«ሃይመን» ጋር ያያይዙታል። በግዕዝ ደግሞ «መሃይምን» የሚል ቃል አለ፤ አማኝ ማለት ነው፤ ካህን ያልሆነውን ተራ ምእመን ይጠሩበታል። ተራ ምእመን ያልተማረ ነው ተብሎ ታሰበ መሰለኝ፣ ቃሉ ወደ አማርኛ ሲወርድ ጫፉ ተቆርጦ «መሃይም» ሆኖ ቀረ። አንዱ ሥር እዚህ ጋ የፈጣሪ ስም ነው፣ እዚያ ጋ ማንበብ የማይችል ሰው። ቃላት አንዳንዴ እንዲህ ይጫወቱብናል።

ሥሩ አንድ ነው ማለት ግን ትርጉሙ አንድ ነው ማለት አይደለም። በአማርኛ ሁለቱ ቃላት ሥራ ተከፋፍለዋል። ለማየት ሰው ማማት በቂ ነው። «እምነት የለውም» ብለው ስለ ጎረቤትዎ ቢናገሩ ሰሚው ምን ይረዳል? «ገንዘብ አታበድረው» ማለትዎ ይመስለዋል። «እምነተ ቢስ» ማለት አደራ በላ ነው። «ሃይማኖት የለውም» ቢሉ ግን ወሬው ሌላ ነው። በሌላ በኩል «ሃይማኖተኛ ነው» የሚባለው የሚጾም፣ የሚሰግድ፣ ከክፉ የሚታቀብ ሰው ነው። በልቡ ብቻ አምኖ ቁጭ ያለን ሰው «ሃይማኖተኛ» ብሎ የሚጠራ አላጋጠመኝም። «አማኝ» ግን ሊሉት ይችላሉ።

«አመነ» የሚለውን ግስ ደግሞ ፍርድ ቤት ይዘውት ይግቡ። «ተከሳሹ አመነ» ሲባል ሰውየው ልቡ ውስጥ የሆነውን ማንም አላየም። በአፉ «አዎ፣ አድርጌያለሁ» አለ ማለት ነው። ተቃራኒው «ካደ» ነው። ያው «ካደ» ሃይማኖቱን ለተወም፣ «ብድር የለብኝም» ላለም ያገለግላል። እንግዲህ አማርኛው «አመነ» ሁለት ነገር ይዟል፤ በልብ መቀበልንና በአንደበት መመስከርን። ሥራ ግን የለበትም። «አመነ» ብለን የሚሠራውን አንጠይቅም፤ ከፈለግን ሌላ ግስ እንጨምራለን።

ይህን ልብ ይበሉልኝ፣ ምክንያቱም የእስልምና ሊቃውንት ለዘመናት የተከራከሩት እዚችው ነጥብ ላይ ነው። ኢማን ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ767 ያረፉት ኢማም አቡ ሐኒፋ ኢማን በልብ ማጽደቅና በአንደበት መመስከር ነው አሉ። ሥራ የኢማን ውጤቱና ግዴታው ነው፣ የኢማን አካል ግን አይደለም። ሌሎቹ የሕግ ሊቃውንት ማሊክ፣ ሻፊዒና አሕመድ ደግሞ ኢማን ንግግርና ሥራ ነው፤ በመታዘዝ ይጨምራል፣ በኃጢአት ይቀንሳል አሉ። የአቡ ሐኒፋን ብያኔ ከአማርኛው «አመነ» ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ቁርጥ ያው ነው! አማርኛችን ሳያውቀው ሐነፊ (የአቡ ሐኒፋ ተከታይ) ነው ልበል? እየቀለድኩ ነው፣ ግን ብዙም አይደለም። ተርጓሚዎ «ኢማን»ን ሁሉ «እምነት» ሲል ሳያስበው አንዱን ወገን ይዟል። መጽሐፉ የሌላኛውን ወገን ሐሳብ የሚያስረዳ ከሆነ አንባቢው «እምነት ይጨምራል፣ እምነት ሥራ ነው» ሲባል ግራ ይገባዋል። ግራ የሚገባው ቃሉ ከለመደው ሌላ ሲሆንበት ነው።

ክርክሩ በራሱ የሰዋስው ክርክር መሆኑን ያውቁ ነበር? በቁርኣን ውስጥ «ያመኑና መልካም ሥራዎችን የሠሩ» የሚለው ሐረግ 50 ጊዜ ያህል ይመላለሳል። የመጀመሪያዎቹ፣ እነ አቡ ሐኒፋ፣ «ና» የሚለውን አያያዥ ያዙ። አንድን ነገር ከራሱ ጋር በ«ና» አናያይዝም፤ ሥራ የእምነት አካል ቢሆን ኖሮ ለብቻው ባልተጠራ ነበር አሉ። ጥሩ ነጥብ ነው። ሌሎቹ መለሱ፤ ከጠቅላላው ውስጥ አንዱን ለክብሩ ነጥሎ በ«ና» መጥራት የታወቀ ነው። «ሶላቶችንና መካከለኛይቱን ሶላት ጠብቁ» ይላል ሁለተኛው ሱራ (የቁርኣን ምዕራፍ)፣ ቁጥር 238። መካከለኛይቱ ሶላት ከሶላቶች ውጭ ናት እንዴ?

እኛም ጋ ያው ነው። «ተማሪዎቹና የክፍሉ አለቃ መጡ» እንላለን። አለቃውም ተማሪ ነው። ነጥለን የጠራነው ስለሚለይ ሳይሆን ስለሚታይ ነው። እኔን ከጠየቁኝ «ና» ብቻዋን ይህን ክርክር አትፈታም፤ ሁለቱንም ትሸከማለች። ለሁለተኞቹ የሚያደላ ሌላ ማስረጃ ግን አለ፣ እሱ ነው ሁልጊዜ የሚደንቀኝ።

ሙስሊሞች መጀመሪያ የሚሰግዱት ወደ ኢየሩሳሌም ዞረው ነበር። ነቢዩ ሙሐመድ ወደ መዲና ከተሰደዱ ከ16 ወይም ከ17 ወር በኋላ ቂብላው (የሚሰገድበት አቅጣጫ) መካ ወዳለው ካዕባ ተለወጠ። ጥያቄ ተነሣ። ከለውጡ በፊት የሞቱትስ? ወደ ቀድሞው አቅጣጫ የሰገዱት ሁሉ ከንቱ ቀረ? መልሱ በዚያው በሁለተኛው ሱራ፣ ቁጥር 143 ላይ መጣ። አላህ ኢማናችሁን ከንቱ የሚያስቀር አይደለም ይላል። የተጠየቀው ስለ ሶላት ነው። የተመለሰው በ«ኢማን» ነው። ተፍሲር (የቁርኣን ማብራሪያ) ጸሐፊዎች እዚህ ጋ «ኢማናችሁን» ማለት «ሶላታችሁን» ማለት ነው ብለው ያብራራሉ። ሊቁ ቡኻሪም በሐዲስ (በነቢዩ ንግግርና ተግባር ዘገባ) ስብስባቸው የኢማን ክፍል ውስጥ «ሶላት ከኢማን ነው» የሚል ርዕስ ሰጥተው ይህችን አንቀጽ ጠቅሰዋል። ይህችን ቦታ «እምነታችሁን» ብሎ መተርጎም ስሕተት አይደለም። ግን አንድ መስመር ማብራሪያ ካልታከለበት አንባቢው ምን እንዳመለጠው እንኳ ሳያውቅ ያልፋል።

ታዲያ «ሃይማኖት» ብለው የቀየሩት እርስዎ ልክ ኖት? እዚህ ጋ አልደግፍዎትም። «ሃይማኖት» በእስልምና ጽሑፍ ውስጥ ሌላ ሥራ አለው፤ «ዲን» የሚለውን ይዟል። ለምን እንደሚለያዩ ከጂብሪል (ከመልአኩ ገብርኤል) ሐዲስ የበለጠ የሚያሳይ የለም። የነቢዩ ባልደረባ ዑመር እንደተረኩት፣ ከነቢዩ ዘንድ ተቀምጠው ሳለ አንድ ሰው መጣ። ልብሱ ነጭ፣ ጸጉሩ ጥቁር። የመንገደኛ ምልክት አይታይበትም፣ ግን ማንም አያውቀውም። ጉልበቱን ከጉልበታቸው አገናኝቶ ቁጭ አለ። ስለ ኢስላም ጠየቀ። መልሱ አምስት ተግባራት ሆነ፤ ምስክርነት፣ ሶላት፣ ዘካ፣ የረመዷን ጾም፣ ለቻለ ሐጅ። ስለ ኢማን ጠየቀ። መልሱ በአላህ፣ በመላእክቱ፣ በመጻሕፍቱ፣ በመልክተኞቹ፣ በመጨረሻው ቀንና በቀደር (በአላህ ውሳኔ) ማመን ሆነ። ስለ ኢሕሳን ጠየቀ። አላህን እንደምታየው ሆነህ ልታመልከው ነው፣ አንተ ባታየው እሱ ያይሃልና ተባለ። ሰውየው ከሄደ በኋላ ነቢዩ «ጂብሪል ነው፤ ዲናችሁን ሊያስተምራችሁ መጣ» አሉ።

የመጨረሻዋን ቃል ያዙልኝ። ሦስቱም ተጠቅልለው «ዲን» ተባሉ። ስለዚህ «ሃይማኖት» ጠቅላላው ነው። እርስዎ «ኢማን»ን «ሃይማኖት» ሲሉት ክፍሉን በጠቅላላው ስም ጠሩት። ተርጓሚው «እምነት» ብሎ ያጠበበውን እርስዎ አሰፉት። ከሁለቱ ያነሰው ጥፋት የእሱ ነው።

ደግሞ በዚህ ሐዲስ ውስጥ ኢስላም የሚታየው ተግባር፣ ኢማን የማይታየው እምነት ሆነው ለየብቻ ቆመዋል። 49ኛው ሱራ፣ ቁጥር 14 ላይም እንዲሁ ነው። ዘላኖቹ «አመንን» ሲሉ «አላመናችሁም፤ ይልቅ ‹ሰለምን› በሉ፣ ኢማን ገና ወደ ልባችሁ አልገባም» ተብለዋል። እዚህ ጋ አማርኛችን ያድነናል፤ «ሰለመ» የሚል የራሱ ግስ አለው። «አምነናል» እና «ሰልመናል» ተፋጠው ሲቀመጡ ልዩነቱ ያለ ማብራሪያ ይታያል። ስለዚህ «ኢማን» አንዳንዴ ሥራን ይጠቀልላል፣ ከ«ኢስላም» ጋር ሲጣመር ደግሞ ወደ ልብ ይሰበሰባል። ሊቃውንቱ ይህን «ሲገናኙ ይለያያሉ፣ ሲለያዩ ይገናኛሉ» ብለው ይገልጹታል። ለአርታዒ ከዚህ የተሻለ መመሪያ አላውቅም። ሁለቱ ቃላት አንድ አንቀጽ ውስጥ ከመጡ «እምነት» ይበሉ። «ኢማን» ብቻውን ሥራን አዝሎ ከመጣ «ኢማን» ብለው ይተዉት። የታወቀ ቃል ነው፣ አንባቢ አይደነግጥም።

«ዐመል» የሚለውን ግን አይተዉት፣ አደራ። «ኢማንና ዐመል» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም። በዐረብኛ ሥራ ማለት ነው። የአማርኛ አንባቢ ግን «አመል» ብሎ ያነበዋል። «ኢማን ያለ ዐመል አይበቃም» የሚለውን ያየ ሰው፣ አማኝ ለመሆን ትንሽ አመለኛ መሆን ያስፈልጋል ወይ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። «ሥራ» ይበሉት። «ሃይማኖታዊ ሥርዓት» የሚለውንም ብዙ አልወደውም። ሥርዓት ሲባል ሰልፍና ወግ ይታየኛል፤ ተግባሩን ቅርፊት ያደርገዋል። ሥራ የሚመዘነው በኒያ (በልብ ሐሳብ) ነው የሚለው ሐዲስ የቡኻሪ መክፈቻ የሆነው እኮ ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለት ሰዎች እኩል ተርበው ሊውሉ ይችላሉ። የነየተው ጾመ ይባላል፣ ያልነየተው ተራበ እንጂ ጾመ አይባልም። ዘካም ያው ነው። ገንዘብ ዓመት ከሞላውና መጠኑ ከደረሰ 2.5 በመቶው ይወጣል፤ ሒሳቡ ግልጽ ነው። ግን ያለ ኒያ ከሰጡት ዘካ አይሆንልዎትም። ተግባሩ ውስጥ ልብ አለ። «አምልኮ» ወይም «ዒባዳ» ቢሉ ይሻላል።

በዚሁ መጽሐፍ «ሙናፊቅ» የሚል ቃል ሳያጋጥምዎት አይቀርም። «መናፍቅ» ብለው ለመጻፍ እጅዎ ይቸኩላል፤ የተለመደም ነው። ጀርመናዊው የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ኖልደከ ዐረብኛ ይህን ቃል ከግዕዝ እንደወሰደው ጽፏል። «ነፈቀ» ከፈለ፣ «ንፍቅ» ግማሽ፤ ልቡ የተከፈለ ሰው ማለት ነው። የዐረብ መዝገበ ቃላት ጸሐፊዎች ግን የበረሃ አይጥ ጉድጓድ ያስታውሱናል። አይጧ አንዱን መውጫ በስስ አፈር ሸፍና ትተወዋለች። ከላይ ሲያዩት ደህና መሬት ነው። አዳኝ ሲመጣባት በራሷ ገፍታው ትወጣለች። ያ መውጫ «ናፊቃእ» ይባላል። የትኛው ልክ ነው ቢሉኝ ለግዕዙ አደላለሁ፣ ለአይጧ ግን ልቤ ይሸነፋል። ዋናው ነገር ሌላ ነው። የዛሬው አማርኛ «መናፍቅ» ከትክክለኛው ትምህርት ወጣ ብሎ በግልጽ ሌላ የሚናገር ነው። ሙናፊቅ ግን ሌላ አይናገርም። እንደ ሰዉ ይናገራል፣ እንደ ሰዉ ይሰግዳል፣ ልቡ ነው የሌለው። «አስመሳይ» ይቀርበዋል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው ይላል ሐዲሱ፤ ሲናገር ይዋሻል፣ ቃል ሲገባ ያፈርሳል፣ ሲታመን ይከዳል። ሦስተኛውን አዩት? ይህ የእኛው «እምነተ ቢስ» ነው።

የመጨረሻ ጥያቄዎ ቀርቷል። «እምነት አለው፣ ግን አይሰግድም» ያስኬዳል? በአማርኛ አዎ። «ግን»ም ቦታዋ ላይ ናት፤ የሚጠበቅ ነገር እንደቀረ ትናገራለች። አቡ ሐኒፋም ቢሆኑ ዓረፍተ ነገሩን ይቀበሉታል፣ ሰውየውን ግን አይተዉትም። ሶላት ግዴታው ነው፣ ተጠያቂ ነው። ሌሎቹ «እምነቱ የጎደለ ነው» ብለው ያርሙታል። አውቆ ሶላት የተወን ሰው ጨርሶ ከእስልምና ያወጡትም አሉ፣ በተለይ ከሐንበሊዎች (ከአሕመድ ተከታዮች) በኩል። ኸዋሪጆች የሚባሉት የጥንት አክራሪዎች ከባድ ኃጢአት የሠራን ሁሉ ካፊር (ከሃዲ) ስላሉ «ግን» በአፋቸው አትገባም፤ «አለው» የሚለውን ነው የሚሰርዙት። ዋሲል ኢብን ዐጣእ የሚባል ሊቅ ደግሞ እንዲህ ያለው ኃጢአተኛ አማኝም ካፊርም አይደለም፣ በሁለቱ መካከል ነው ብሎ ከመምህሩ ከሐሰን አልበስሪ ጉባኤ ተነጥሎ እንደተቀመጠ ይተረካል። ሐሰንም «ኢዕተዘለ»፣ ማለትም ተለየን፣ አሉ፤ ሙዕተዚላ የሚባለው የትምህርት ወገን ስም ከዚያ መጣ ይባላል።

ለእርሶ መጽሐፍ እንግዲህ ዓረፍተ ነገሩ «በልባቸው ያምናሉ፤ ሶላት ግን አይሰግዱም» ቢሆን እመርጣለሁ። «በልባቸው» የሚለው ቃል ክርክሩን ክፍት ይተወዋል፤ የቀረው ኢማን ይሁን አይሁን የመጽሐፉ ባለቤት ይናገር። «ሃይማኖት» ብለው የቀየሯቸውን ደግሞ አንድ በአንድ መልሰው ያንብቧቸው። ምንጩ «ዲን» የሚልበት ቦታ ካለ እሱን ብቻ ይተዉት። «ሶላት» ነው «ሰላት» የሚለው ሁለታችሁን ካጣላችሁ አንዱን መርጣችሁ እስከ መጨረሻው ያዙት፤ እኔ በ«ሶ» እጽፋለሁ፣ ስለለመድኩት ነው።